ለቢሮ ኃላፊያችን፦ ቆሜ በመገኘቴ ስለተሰጠኝ ማስጠንቀቂያ

ክቡር ሆይ፣

ሦስት ማመልከቻ ጽፌ መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ። ሦስቱም ቁጥር ወጥቶላቸዋል። መልሱ ግን ሁሌም «እየታየ ነው» ነው። እንግዲያው ዛሬ ሰው ሁሉ ይየው።

ሥራዬ ሰነድ ኮምፒውተር ላይ መመዝገብ ነው። ጠዋት 2:30 የተቀመጥኩ፣ የምሳ ሰዓቷን ካልቆጠርናት፣ እስከ 11:30 እዚያው ነኝ። ወንበር ካሉትም ነው፤ አንድ ጎማው ከወለቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ከሥሩ የወረቀት ካርቶን አጣጥፌ ደግፌዋለሁ። ወገቤ አላስተኛ ሲለኝ ሐኪም ጋ ሄድኩ። «በየግማሽ ሰዓቱ ተነሺ፣ ተንቀሳቀሺ» አለኝ፤ ይህንኑም ጽፎ ማኅተም መታበት። ወረቀቱ ከሁለተኛው ማመልከቻዬ ጋር ተያይዟል።

ከዚያስ? ኮሪደር ላይ አምስት ደቂቃ ስመላለስ ታየሁና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መጣልኝ። «ያለፈቃድ ከሥራ ገበታ በመለየት» ይላል። ፊርማው የእርስዎ ነው። የሐኪም ወረቀቴ ገና እየታየ ነው፣ ማስጠንቀቂያው ግን በአንድ ቀን አለቀ። ለካ ቢሮው ሲፈልግ ይፈጥናል!

አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ የተሰቀለው ኮት ግን ማስጠንቀቂያ ደርሶት አያውቅም። ጠዋት ይሰቀላል፣ ማታ ይወርዳል። ባለቤቱ የት እንደሚውል እርስዎም ያውቃሉ፣ እኛም እናውቃለን። ኮት ደግሞ ወገብ አያመውም።

ከሁሉ ያናደደኝ እሁዱ ነው። ማስ ስፖርት ተብሎ ቲሸርት ታደለን፣ በፊርማ ተቆጠርን፣ እርስዎ ከፊት ቆመው እጅዎን ሲዘረጉ ፎቶ ተነሱ፣ ማታውኑ የቢሮው ፌስቡክ ላይ ወጣ። ሰኞ ጠዋት ማስጠንቀቂያዬን ፈርሜ ተቀበልኩ።

ስፖርት አልጠላሁም። አዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» ተብሎ አስፋልቱ ለእግረኛ ሲለቀቅ ልጆቼን ይዤ ወጥቻለሁ። ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ይንቀሳቀስ ብሎ ብቻ አልተወውም፤ ቁጭ ብላችሁ የምትውሉትንም ቀንሱ፣ ጥቂት ደቂቃም ብትሆን ትጠቅማለች ነው የሚለው። እዚህ ጥቂቷ ደቂቃ ታስቀጣለች።

ስለ ሠራተኛ ጤንነት ሕጉ ምን እንደሚል ለእርስዎ አላነብም። ሥልጠናውን የከፈቱልን እርስዎ ነበሩ።

ማስጠንቀቂያው ከግል ማኅደሬ ይውጣልኝ። የወንበሩን ጎማ በራሴ ገንዘብ አስገጥማለሁ። አይሆንም ካሉ ደግሞ ከነገ ጀምሮ እኔም ኮት ይዤ እመጣለሁ።