ግመሉ አንኮበር ላይ ምን ይሠራል?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው እሁድ ያወጣችሁትን የመጽሐፍ ዳሰሳ ሳነብ ሻዬ ቀዘቀዘ። ልብ ወለዱ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሃሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ሲዋዋሉ የባሪያ ንግድንም ቢያስቀሩ ኖሮ ብሎ ይነሳል። ይሁን፣ የደራሲ መብት ነው። ዳሰሳ ጸሐፊያችሁ ግን ከውሉ በፊት ያለው ሁሉ «አንድም የታሪክ ግድፈት የለበትም» ብሎ ማለልን። ማስረጃው ምን ሆነ? ባሪያ ነጋዴዎቹ ግመላቸውን አንኮበር ቤተ መንግሥት በር ላይ የሚያንበረክኩበት «ድንቅ» ትዕይንት!

ግመል! ያንን አቀበት!

እኔ የአልዩ አምባ ልጅ ነኝ። አንኮበር ደጋ ነው፣ ግመል ደግሞ የቆላ ከብት። ከባሕሩ ወደብ ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ታች እኛ ዘንድ ያራግፋል። ከዚያ ወዲያ ሽቅብ የሚጫነው በአህያና በበቅሎ ነው። አልዩ አምባ ገበያ የሆነችው እኮ በዚሁ ምክንያት ነው። ሰው የሚሸጥበት አብዱል ረሱልም እዚያው አጠገቧ ነበር። ደራሲው ግመሉን ወደ ላይ ሲያወጣው እኛን ከታሪኩ አወጣን። (ነጋዴው የሚከፍለው በምኒልክ ብር መሆኑን አላነሳም። ምኒልክ ገና አልተወለዱም።)

ነገሩ የግመል ብቻ ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። «ቢሆን ኖሮ» የሚያምረው የሆነውን ለሚያውቅ ነው። በልብ ወለዱ ንጉሡ አዝነው በአንድ ጀምበር ይተዉታል። በእውነቱ ግን ከሚሸጠው ሰው ላይ ቀረጥ ይቀበሉ ነበር። ገበያው ከሌለ ቀረጡም የለም፤ ቀረጡ ከሌለ ንጉሡ ምን እንዳጡ አንባቢ በምን ያውቃል? ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። መቶ ዓመት ቆይቶ ማለት ነው።

ከዚያስ በኋላ? አያቴ የአንድ ጎረቤታችንን ቤት ስትጠራ ድምጿን ዝቅ ታደርግ ነበር። ልጃቸው ሊያገባ ሲል «አጥንቱ ምንድን ነው?» ተባለ። ሠርጉ ቀረ። የተተከለውን ድንኳን በማግሥቱ ስንነቅል ካስማ ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። ያ ሰው መጽሐፋችሁ ውስጥ የለም፣ ዳሰሳችሁ ውስጥም የለም። ግመሉ ግን አለ።

ማረሚያ አውጡ። ካላወጣችሁ ጸሐፊያችሁን ላኩልን፤ አንኮበር ካለችው ከጎረቤላ ቁልቁል ወደ እኛ በእግሩ ይውረድ። ሲመለስ ግመል እኔ እከራይለታለሁ።

የአልዩ አምባ ልጅ፣ ሰሜን ሸዋ