የመጨረሻውን ቃል ለእኔ አትስጠኝ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እዚህ ዙሪክ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

የብሎኬት ማምረቻውን ነገር ደጋግሜ አሰብኩበት። ድርሻው ለሦስታችን እኩል ይሁን ማለትህ ጥሩ ነው። ግን "የመጨረሻው ቃል የበኩሬ ነው" ያልከውን አልቀበልም። ለምን እንደሆነ በሲካ ታሪክ ላስረዳህ። ሲካን መቼም ታውቀዋለህ፤ ጣሪያና መታጠቢያ ቤት ውሃ እንዳያሳልፍ የሚደረገው ነው።

ኩባንያውን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1910 እዚሁ ዙሪክ የመሠረተው ካስፓር ቪንክለር የሚባል ኦስትሪያዊ ነው። ግራናይት የሚያጸዳና ድንጋይ ከጉዳት የሚጠብቅ ነገር ይሠራ ነበር። ሲሚንቶ ላይ ሲጨመር ውሃ የሚያግድ፣ ቶሎም የሚያጠነክር ውህድም አወጣ።

ያኔ የስዊስ ባቡር በአብዛኛው የሚሄደው በድንጋይ ከሰል ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሰል ጠፋ። ባቡሩን ወደ ኤሌክትሪክ ለማዞር ሲነሱ ዋሻዎቹ አስቸገሩ። 15 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የጎትሃርድ ዋሻ ከላይ ውሃ ያንጠባጥባል። እዚያ ሥር የኤሌክትሪክ ሽቦ እንዴት ይዘረጋል? ተራ ሲሚንቶ ደግሞ ውሃ እየወረደበት ብትለጥፈው ሳይጠነክር ታጥቦ ይሄዳል፤ ይህን ከእኔ በላይ አንተ ታውቃለህ። የቪንክለር ውህድ በ1918 እዚያ ተሞከረ፣ ያዘም። ቀጥሎ 67 የባቡር ዋሻዎች በእሱ ተደፈኑ። አንድ ሰው ድንጋይና ውሃን አጥንቶ እዚህ መድረሱ ያስደንቀኛል፤ አንተም ደስ እንደሚልህ አውቃለሁ።

ኩባንያው ከአማች ወደ አማች ተላለፈ። ከቪንክለር ወደ ልጁ ባል ፍሪትዝ ሼንከር፣ ከሼንከር ደግሞ ወደ ልጁ ባል ሮሙአልድ ቡርካርድ። ሁለቱም ውስጡ ገብተው የሠሩ ሰዎች ናቸው። ጣጣው የመጣው በቡርካርድ ልጆች ጊዜ ነው። ከካፒታሉ የነበራቸው 16 በመቶ ገደማ ነው፤ ድምፃቸው ግን ከ52 በመቶ በላይ ነበር። አክሲዮኑ እኩል ድምፅ አልነበረውማ! በ2014 ያን ድምፅ ሴንት ጎባን ለተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ በ2.75 ቢሊዮን የስዊስ ፍራንክ ለመሸጥ ተስማሙ። አብዛኛው ቦርድና ሥራ አስኪያጆቹ እምቢ አሉ። በክርክር ከሦስት ዓመት በላይ ሄደ። በ2018 ሲታረቁ አንድ አክሲዮን አንድ ድምፅ ሆነ።

ቤተሰቡን አልወቅስም፤ የያዙት መብት ነው። የሚያስፈራኝ እንዲህ ያለ መብት ሥራው ላይ በማይውል ሰው እጅ መግባቱ ነው። እኔ ደግሞ ማምረቻውን የማውቀው በስልክ ነው። ማሽን ሲበላሽ እዚያ የሚያድረው ወንድሜ ነው። ሂሳቡን የምትይዘው እህቴ ናት። ነገ ገንዘብ ቸግሮኝ "ይሸጥ" ብል ማን ይከለክለኛል?

ስለዚህ የዕለት ተዕለቱ ውሳኔ የሁለቱ ይሁን። ሦስታችንም ሳንስማማ እንዳይሸጥ ደግሞ በጽሑፍ ይግባ። ውልና ማስረጃ ከመሄድህ በፊት ሁለቱን አስቀምጠህ አማክራቸው፤ እኔም በስልክ እገባለሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይመቸኛል።

እማዬን ሳምልኝ።

ልጅህ