ስልኩን ስጪው
አዳማ፣ ረቡዕ ማታ

የኔ እናት፣ እንደምን አለሽልኝ?

ይህን ደብዳቤ ከበሶው ጋር የአክስትሽ ልጅ ያደርስልሻል። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ሆዴ ይባባና ስለ ምግብ፣ ስለ ፈተና አውርቼ እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ሐዋሳ ላይ የሆነውን ሰምቻለሁ። የነገረኝ ሰው ያወራኝ እያደነቀሽ ነው። «ልጅህ ጀግና ናት! ሌባውን አሳድዳ፣ በአንድ እግር ጥላ፣ ስልኳን አስመለሰች» አለኝ። ሻይ እየጠጣን ነበር። እሱ ይስቃል፤ እኔ ብርጭቆውን ማስቀመጥ አቃተኝ። «ከዛስ?» አልኩት። የቀረውን ቀስ እያለ ነገረኝ። የልጁ ጓደኛ ከኋላሽ መምጣቱን። ሴንጢ ማውጣቱን። ባጃጅ ነጂው ጥሩምባውን እየነፋ መሀላችሁ ባይገባ ኖሮ፣ ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ዝም አለ።

ለእናትሽ ግን ክንድሽን ጠርሙስ ቆረጠኝ ብለሻታል። እስካሁን የምታውቀው ጠርሙሱን ነው። እኔ አልነግራትም። አንቺው ትነግሪያታለሽ። እስከ እሁድ ጊዜ አለሽ።

መጀመሪያ የቁስሉ ነገር። የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ተወግተሻል? ካልተወጋሽ ዛሬ ነገ ሳትዪ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ቁስሉ ከቀላ፣ ከሞቀ ወይም መግል ከያዘ አትጠብቂ። ጣቶችሽን አንድ በአንድ እጠፊያቸው፣ ዘርጊያቸው። የሚደነዝዝ ወይም አልታጠፍ የሚል ጣት ካለ ያኔውኑ ሐኪም ይየው። ይህን ለምን እንደምጠይቅሽ ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

አሁን ስሚኝ። ስልክ ሲጠይቁሽ ስልኩን ስጪ። ነጥቀው ከሮጡም ይሩጡ። ስልኩን የገዛሁልሽ እኔ ነኝ። ሌላ እገዛለሁ። መግዛት ካቃተኝም ባለ ቁልፏን ትንሿን ስልክ ትይዣለሽ፤ በእሷም ቢሆን ድምፅሽን እሰማለሁ።

ቴኳንዶ ያስጀመርኩሽ እኔ ነኝ። ይህን አልክድም። ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ በአዳማ ነፋስና አቧራ እጅሽን ይዤ እወስድሽ ነበር። ነጩ ቀበቶ ከወገብሽ ሁለት ጊዜ ዞሮ መሬት ይጠርግ ነበር። ቾንጂ የሚባለውን የመጀመሪያውን ተከታታይ የእንቅስቃሴ ልምምድ ስትማሪ አሥራ ዘጠኙንም እንቅስቃሴ ሳሎን ውስጥ እየቆጠርሽ ትሠሪያለሽ። የእናትሽን ፔርሙዝ የሰበርሽው በአሥራ ሁለተኛው ላይ ነው። እሷ ተቆጣች፤ እኔ ደግሞ ድጋሚ ሥሪው አልኩሽ። እጅ ሲያዝ በአውራ ጣቱ በኩል እንደሚያመልጡ ስትማሪ መጀመሪያ ያሳየሽው ለአያትሽ ነበር። የሚይዝ እጅ ደካማው ጎኑ አውራ ጣቱ ነው ብለሽ አስረዳሻት። ነፍሷን ይማርና፣ ጎረቤት በመጣ ቁጥር «እስቲ እጄን ያዢኝ» ትል ነበር።

በ2013 ክረምት የቶኪዮ ኦሎምፒክ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ኢትዮጵያዊው ሰለሞን ቱፋ በ58 ኪሎ ቴኳንዶ ሲወዳደር እንድናይ ቤቱን ሁሉ ቀሰቀስሽ። ከዛ እኛ የምንሠራው የሌላ ፌዴሬሽን፣ የአይ ቲ ኤፍ ቴኳንዶ ነው፣ እሱ ኦሎምፒክ ውስጥ የለም ብለሽ አዘንሽ። እኔ ደግሞ በልቤ ደስ አለኝ። ሜዳሊያ አልነበረም የምፈልግልሽ። ማታ ቤትሽ እንድትገቢ ነበር።

ስለ ቀለሞቹ የነገርሽኝንም አልረሳሁም። ነጭ ምንም የማያውቅ ጀማሪ። ቢጫ ዘሩ የሚያርፍበት መሬት። አረንጓዴ የሚያድገው ተክል። ሰማያዊ ተክሉ የሚያቀናበት ሰማይ። ቀይስ? ቀይ አደጋ ነው ብለሽኛል። ተቃራኒሽን ራቅ በል ይለዋል፤ ባለቤቱን ደግሞ ራስሽን ግቺ ይላታል። ቀዩ ቀበቶ ወገብሽ ላይ ከታሰረ ቆየ። አሁን ጥቁር መስመር ገብቶበታል፣ ጥቁሩን ልትፈተኚ ነው። እና ያን ማታ ራስሽን ግቺ ያለሽ አልነበረም?

ሌላም ነገር አለ። ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ እየሮጠ ነበር። ቢወድቅና ጭንቅላቱ የኮብልስቶኑ ጠርዝ ላይ ቢያርፍስ? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስን መከላከል ይፈቅዳል። ግን ጥቃቱ እየደረሰ ያለ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፣ በሌላ መንገድ የማይመለስ መሆን አለበት፣ መከላከሉም ከልክ ማለፍ የለበትም። ከልክ ያለፈውን አንቀጽ 79 ይዞታል። የሚሸሽ ልጅ ጭንቅላት ላይ ያረፈ እግር በየትኛው በኩል እንደሚገባ አስቢው። ስልክሽን ይዘሽ ፖሊስ ጣቢያ ማደር ነበር።

በእኛ ቤት ቁስል ሁልጊዜ ሌላ ስም ይሰጠዋል። ያንቺ ጠርሙስ ሆነ። የታላቅ ወንድሜ የጋሼ እጅ ደግሞ ላሜራ።

ከልጅነትሽ ጀምሮ የጋሼ ቀኝ እጅ ጋራዥ ውስጥ በላሜራ ተቆረጠ ብለን ነግረንሻል። አያትሽም ይህንኑ እንዳመነች ነው ያለፈችው። ውሸት ነው። ውሸቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ።

1985 ነው። እኔ አሥራ አምስት፣ እሱ ሃያ ዓመቱ። ከተማችን ያኔ ናዝሬት ነበረች። ጋሼ በሰፈር ግቢ ውስጥ ካራቴ ይሠራ ነበር። መሬቱ አፈር፣ የሚመታው ጆንያ አሸዋ። እንደሱ እግር የሚያነሳ ሰው ዛሬም ድረስ አላየሁም፣ አንቺን ጨምሮ። በጋራዥ ደሞዙ የጂንስ ጃኬት ገዛ፣ በባቡር ከጅቡቲ የመጣ። አንድ ማታ ከባቡር ጣቢያው በኩል ስንመለስ ሁለት ሰዎች መንገዱን ዘጉብን። አንደኛው ጩቤ አሳየን። ጋሼ ምንም አልተናገረም። ጃኬቱን አወለቀ፣ አጠፈውና ሰጣቸው። ትከሻዬን ይዞኝ መሄድ ጀመርን።

ሃያ እርምጃ ያህል ሄደናል። አፌን ከፍቼ ምን አልኩት መሰለሽ? «ታዲያ ካራቴህ ለመቼ ነው?»

ቆመ። አየኝ። ከዛ ተመለሰ።

የመጀመሪያው እግር አንዱን መሬት ላይ ዘረጋው። እንዴት እንዳማረ! እኔ አጨበጨብኩ። ልጄ፣ አጨበጨብኩ። ሁለተኛው ሰውዬ ሲመጣ ጋሼ እጁን ሊይዝ ሞከረ። ክለብ ውስጥ የእንጨቱ ቢላ አንዴ ይመጣና ይቆማል፤ እናንተም ትይዙታላችሁ። ያ ጩቤ አልቆመም። እንደ ስፌት መኪና መርፌ እየገባ እየወጣ ነው የመጣው። ጋሼ ስለቱን በመዳፉ ጨበጠ። ሰውዬው ሳበው።

ሰዎቹ ጃኬቱን ጥለው ሄዱ። ለብሶት አያውቅም።

ቆዳው ተሰፋ። ጅማቱ ግን ተቆርጦ ነበር። ሦስቱ ጣቶች ከዚያ ቀን ወዲህ አልታጠፉም። ካቻቢቴ መያዝ የማይችል መካኒክ የት ይቀጠራል? ለዚህ ነው ዕድሜ ልኩን መለዋወጫ ሲሸጥ የኖረው። ለዚህ ነው እንጀራ በግራው ሲቆርስ አያትሽ በቁጣ አይታው ወዲያው አንገቷን ትደፋ የነበረው። ለዚህ ነው አንቺ ቀበቶ በተፈተንሽ ቁጥር እሱ ከኋላ ቆሞ የማያጨበጭበው። ቅር ብሎሽ ነበር አንድ ጊዜ። እሱ እኮ ማጨብጨብ አይችልም፤ አንድ መዳፉ አይዘረጋም፣ አይታጠፍም።

ቹንግሙ የሚባለው የእንቅስቃሴ ልምምድ ለምን በግራ እጅ ምት እንደሚያልቅ ባለፈው ፋሲካ ነግረሽን ነበር። ልምምዱ የተሰየመለት ኮሪያዊ አድሚራል ያለውን ችሎታ ሁሉ ሳያሳይ በመሞቱ ለእሱ ጸጸት ነው አልሽ። ጋሼ ተነስቶ ወደ ውጭ ወጣ። ሲጋራ ሊያጨስ አልነበረም። ካቆመ ስንት ዓመቱ።

እኔ ያን ማታ ዝም ብል ኖሮ ጃኬት ብቻ ነበር የሚሄደው። አሁን ደግሞ አንቺን ሰዎች እያጨበጨቡልሽ ነው። የሚያስፈራኝ ሴንጢው ብቻ አይደለም፣ ጭብጨባው ነው። «ጀግና ናት» ያለሽ ሁሉ በሚቀጥለው ጊዜ ከጎንሽ ቆሞ «ቴኳንዶሽ ለመቼ ነው?» ሊልሽ ነው። ያኔ እኔን አስታውሺኝ። ስልኩን ስጪው።

ግን በአንድ ነገር እንዳትሳሳቺ። ይህን የምልሽ ስለ ዕቃ ነው። ዕቃሽን ከፈለገ ይውሰድ። አንቺን ከፈለገ፣ ወደ መኪና ከጎተተሽ፣ ወደ ጨለማ ከሳበሽ፣ ያኔ ምንም አትስጪ። ያኔ አትራሪ። ጩኺ፣ ንከሺ፣ ዓይኑን፣ ጉሮሮውን፣ ጉልበቱን አትማሪው። በጡጫ ፊት አትምቺ፣ የትንሿ ጣት አጥንት ቶሎ ይሰበራል፤ በመዳፍሽ ሥር ምቺ። ለቀቅ ሲያደርግሽ ጨርሼ ልምታው አትበዪ። ሩጪ። ወደ ብርሃን፣ ወደ ሱቅ፣ ባንክ በር ላይ ወዳለ ዘበኛ።

አስተማሪሽንም ስለዚህ ጠይቂው። ውድድር ላይ ከቀበቶ በታች መምታት ስለሚከለከል እግርሽ ወደ ላይ ብቻ ለምዷል። መንገድ ላይ ግን ወደ ላይ የወጣ እግር በቀላሉ ይያዛል። ደግሞ ዶልዮ፣ በጎን ዞሮ የሚመጣውን የእግር ምት፣ ስትመቺ የቆምሽበት እግር መዞር አለበት፣ ተረከዙ ወደ ዒላማው፣ ራስሽ ነሽ ያሳየሽኝ። ጣውላ ላይ ይዞራል። ዝናብ የመታው ኮብልስቶን ላይ ወይ ትንሸራተቻለሽ ወይ ጉልበትሽ ይጠመዘዛል። ጂንስና ነጠላ ጫማ አድርገሽ አንድ ቀን ተለማመጂ። ድምፅም ተለማመጂ። «ተው! ወደ ኋላ!» ብለሽ ከሆድሽ መጮህ። አንቺ እኮ ከልጅነትሽ ድምፅሽ ቀጭን ነው፣ ስትደነግጪ ጭራሽ ይጠፋል።

ጭንቅላትሽን ተመትተሽ ራስ ምታት፣ ማስመለስ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ከመጣ ደግሞ በዚያ ሳምንት ስፓሪንግ፣ የፍልሚያ ልምምድ፣ የለም። ፈተና ቢኖርም የለም። ሐኪም ካላየሽ አትመለሺ።

አሁኑኑ ደግሞ ይህን አድርጊ። ስልኩ ላይ *#06# ጻፊና የሚወጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር ደብተርሽ ላይ ገልብጪ። ከሄደ ያስፈልጋል። ሲምሽን ለማዘጋት 994፣ ለፖሊስ 991። ሁለቱንም በቃልሽ ያዢ። ስልኩ ሲሄድ ውስጡ ያለው ቁጥር አብሮ ይሄዳልና። የቴሌብር ሚስጥር ቁጥርሽ የልደት ቀንሽ ከሆነ ቀይሪው። ፍቅር ሐይቅ ማታ ከሄዳችሁ ተሰብስባችሁ ተመለሱ፣ መንገድ ላይ ስልክ እያየሽ አትሂጂ። ቦርሳው ከመንገዱ ዳር በኩል አይሁን።

ትናንት ጋሼ ሱቅ ሄድኩ። «እውነቱን ልነግራት ነው» አልኩት። ብዙ ዝም አለ። የመጣለትን ደንበኛ ሸኘ፣ ሒሳብ ቆጠረ። ከዛ «ንገራት» አለኝ። «ግን የተመለስኩት እኔ ነኝ በላት። አንተ ሕፃን ነበርክ።» ይኸው ነገርኩሽ። እሱ እንደዛ ይላል። እኔ ግን ያልኩትን አውቃለሁ፣ በሃያኛው እርምጃ ላይ።

ተቆጥቼሻለሁ፣ አውቃለሁ። ኮርቼብሽማለሁ፤ ካልኮራሁ እማ ምን ሆኜ ነው? ግን ኩራቴን ጥቁሩን ቀበቶ ስትታሰሪ አወጣዋለሁ። የፈተናውን ቀን እርግጠኛውን ላኪልኝ፣ በዝዋይ በኩል በጠዋቱ መኪና እንመጣለን። ሁላችንም። ስልኩን ስጪው፣ የኔ እናት።

በሶውን በደረቅ ዕቃ አድርጊው፣ የሐዋሳ አየር እርጥበት አለው። ከሥሩ በላስቲክ የጠቀለልኩት 2,000 ብር ለመርፌውና ለመድኃኒት ነው፣ ለሌላ እንዳይሆን።

እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጋሼ ይደውልልሻል። ከእሱ በፊት ግን ለእናትሽ ደውይላት።

አባትሽ