ለአክስትሽ የላክሽው እንክብል

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በሰው የላክሽው ዕቃ ትናንት ደርሶናል። ሻርፑን ለአክስትሽ ሰጥቻት ወዲያው አሰረችው። ካንሰሯን ያድናል ብለሽ የላክሽውን «ቢ17» የሚል እንክብልና የአፕሪኮት ዘሩን ግን አልሰጠኋትም። ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። እንዳትቀየሚኝ፣ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

አክስትሽ ለጡት ካንሰሯ የምትወስደውን ኪሞ ለማቆም ሰበብ እየፈለገች ነው። አልፈርድባትም። ቀዩን የኪሞ መድኃኒት ጨርሳ አሁን ፓክሊታክሰል የሚባለው ኪሞ ላይ ናት፣ የጣቶቿ ጫፍ ይደነዝዛል። እሁድ ለቤተ ክርስቲያን ስትለብስ የቀሚሷ ቁልፍ አልያዝላት ብሎ እኔ ቆለፍኩላት። ለሐኪሟ ነግረናል፣ እየተከታተላት ነው። አንቺ ደግሞ በስልክ ነግረሻት ኖሮ «የልጄ መድኃኒት የታለ?» እያለች ትጠይቀኛለች። ያስፈራኝ ይሄ ነው።

እንክብሉ ቫይታሚን አይደለም። አሚግዳሊን ወይም ሌትሪል የሚባል ነገር ነው፤ ሆድ ሲገባ ሲያናይድ ይለቃል። አዎ፣ መርዙን። «ኩባንያዎች ደብቀውት ነው እንጂ ማንም አልሞከረውም» ብለሽኛል። ተሞክሯል እኮ! እዚያው አሜሪካ ሕዝቡ ይሞከርልን ብሎ ስለጮኸ ማዮ ክሊኒክና ሌሎች የካንሰር ማዕከላት ለ178 ሕሙማን ሰጥተው አዩት። ከልዩ ምግብና ከቫይታሚን ጋር ነው የሰጧቸው፣ ልክ ሻጮቹ እንደሚሉት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1982 ወጣ። አንድም የዳነ ሰው የለም። የአንዳንዶቹ ደም ውስጥ የተገኘው ሲያናይድ ደግሞ ለሞት ወደሚያደርሰው መጠን ተጠግቶ ነበር።

ያየሽው ቪዲዮ ላይ በዘሩ ዳንኩ የምትለው ሴትዮ ስለ ዘሩ ከመናገሯ በፊት ቀዶ ሕክምና አድርጋ እንደነበር ጠይቀሻል? ብዙ ጊዜ ታሪኩ እንደዚያ ነው። ዕጢው በቢላ ወጥቶ ምስጋናው ለቅጠሉ ይሆናል። የእሷን መንገድ ሄደው የሞቱት ደግሞ ቀርበው አይናገሩም። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን የቆጠረ ሰው ነው የሚታመነው። የየል ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ቆጥረውታል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው ያወጡት። ካንሰራቸው ወደ ሌላ አካል ሳይሰራጭ የተገኘ ሰዎችን አነጻጸሩ። ከጡት ካንሰር ሕሙማን መካከል የተለመደውን ሕክምና ከወሰዱት ከ100 ወደ 87 የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። እሱን ትተው አማራጭ ሕክምና ብቻ ከያዙት ግን 58 ገደማ። የአክስትሽም በጊዜ የተደረሰበት ነው። ይሄንን ዕድል በእጃችን እያየን እንዴት እንበትነዋለን?

እናትሽ ነርስ ስለሆነች ቅጠል ትንቃለች እንዳትዪ። አሁን በግሉኮስ የሚንጠባጠብላት ፓክሊታክሰል ራሱ መጀመሪያ የተገኘው ከዛፍ ቅርፊት ነው። ልዩነቱ ተመዝኖ፣ ተፈትኖ፣ መጠኑና ጉዳቱ ታውቆ መምጣቱ ነው። ዝንጅብል ሻይዋንም ትጠጣለች፣ ሐኪሟ ያውቃል። ሌላ ዱቄትና ቅጠል ሲሆን ግን አስቀድመን እንጠይቃለን፤ አንዳንዱ የኪሞውን ኃይል ያዳክማል ወይም ጉዳቱን ያብሳል።

ጠበሏንም አልከለከልናትም። ማለዳ ትጠመቃለች፣ በቀጠሮዋ ቀን ሆስፒታል ትሄዳለች። በኤችአይቪው ጊዜ ብዙ ሰው ጠበል ገብቻለሁ እያለ መድኃኒቱን ሲያቆም፣ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ በአደባባይ ተናግረዋል። ይህንን ስነግራት ደስ አላት።

ለእሷ ብለሽ እንደላክሽው አውቃለሁ። ሕፃን ሆነሽ እሷ ጀርባ ላይ ነው ያደግሽው፣ ዝም ብለሽ መቀመጥ እንደማይሆንልሽ ይገባኛል። መርዳት ከፈለግሽ የማቅለሽለሽ መድኃኒቱ አንዳንዴ ከሆስፒታሉ ይጠፋል፣ ከውጭ ስንገዛው ይወደዳል። እሱን አግዢን።

ቀጣዩ ዙር ሐሙስ ነው። ረቡዕ ማታ ደውዪላትና እንክብሉ እንደማይሠራ አንቺው ንገሪያት። እኔን ሰልችታኛለች፣ አንቺን ግን ትሰማሻለች። ከዚያ እኔ እንክብሉንም ዘሩንም እጥለዋለሁ።

የምትወድሽ እናትሽ