ለልጄ፦ እጅሽን ለትርዒት አታጣምሚ

የምወድሽ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽ? አባትሽም ወንድምሽም ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺ ግን ደህና እንዳልሆንሽ አክስትሽ ትናንት ማታ ደውላ ነገረችኝ። ጓደኞችሽ ከበውሽ እጅሽን በጀርባሽ አዙረሽ ስታሳዪ ትከሻሽ ወልቆ፣ መልሶ በራሱ ገባ አሉ። አንቺም ገባ ብለሽ ዝም አልሽ፤ አክስትሽ ያወቀችው ፀጉርሽን ማበጠር አቅቶሽ ስታይሽ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር አይደበቅም። አንድ ጊዜ የወለቀ ትከሻ ዳግመኛ ለመውለቅ ይቀለዋል። ስለዚህ እጅሽን ለትርዒት አታጣምሚ። አውራ ጣትሽን ክንድሽ ላይ አታስተኚ፣ ጉልበትሽን ወደ ኋላ አትለጥጪ፤ ቢያጨበጭቡልሽም፣ ቢለምኑሽም።

ሐኪሙ የመረመረሽን ቀን ታስታውሺ የለም? ትንሿን ጣትሽን ወደ ኋላ አቀናት፣ አውራ ጣትሽን ከክንድሽ አገናኘ፣ ክርንሽንና ጉልበትሽን ለካ፣ ከዚያም ጉልበትሽን ሳታጥፊ መዳፍሽን መሬት አስነካሽ። ከዘጠኙ ነጥብ ስምንቱን ሲሰጥሽ ከክፍልሽ አንደኛ የወጣሽ ይመስል ሳቅሽ። ልጄ፣ ያ ነጥብ የሽልማት አይደለም። መገጣጠሚያቸው እንደ አንቺ ልል ሆኖ ምንም ሳያማቸው የሚያድጉ ልጆች ብዙ ናቸው፤ አንቺን ግን ያምሻል። አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው ጅማትሽ የተሠራበት ኮላጅን የሚባለው ነገር ከሌላው ሰው ይልቅ ይለጠጣል። ጠፍሩ የላላ አልጋ እንደሚወዛወዘው መገጣጠሚያሽም ከቦታው ይንሸራተታል፤ እሱን ለመያዝ ቀኑን ሙሉ የሚለፋው ጡንቻሽ ነው። ጠዋት ደህና ውለሽ ማታ እግሬን የምትዪው ለዚህ ነው። የደም ምርመራሽ ደህና መሆኑም ሕመሙ ውሸት ነው ማለት አይደለም። የስፖርት መምህሩ ሰነፍ ቢልሽ አታልቅሺ፤ ከደብዳቤው ጋር የላክሁትን የሐኪም ወረቀት አሳዪው። ወረቀቱ ላይ ሃይፐርሞቢሊቲ የሚለው ያንቺ ነገር ነው።

ነገር ግን ወረቀቱን ይዘሽ ጥግ እንድትቀመጪ አልፈቅድልሽም! የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የሰጠችሽን ላስቲክ የት ጣልሽው? ጅማቱን ማጥበቅ አይቻልም፤ ጡንቻውን ማጠንከር ግን ይቻላል፣ ያውም ትንሽ ትንሽ ሳያቋርጡ በመሥራት ነው። ደህና በሆንሽበት ቀን ስትሮጪ ውለሽ በማግስቱ ከአልጋ አለመውረድ ምን ይባላል? እስክስታውን ተዪ አላልሁሽም፤ ስትጨፍሪ ማየት እንዴት ደስ እንደሚለኝ ታውቂያለሽ። ትከሻሽ እስኪጠነክር ግን ታገሺ። ባለሙያዋ ጨፍሪ ስትልሽ ትጨፍሪያለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አክስትሽ ወጌሻ ጋ ልውሰዳት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ክፉ አስባ አይደለም፤ እኛ ቤት ግን ይህ ለምን እንደማይሆን አንቺም ልትሰሚው ዕድሜሽ ደርሷል። አንቺና ወንድምሽ አጎታችሁ ቀኝ እጁን ያጣው በጦርነት ይመስላችኋል። አይደለም። ያኔ ያንቺ እኩያ ነበር፣ መገጣጠሚያውም እንደ አንቺ ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር በዘር ይመጣል። ጣቶቹን ወደ ኋላ ገልብጦ እኛን ታናናሾቹን ያስጮኸን ነበር፤ ለእረኞቹ ደግሞ በስሙኒ ያሳያቸዋል። ሐይቅ አጠገብ፣ በአያትሽ ሜዳ ላይ ልጆቹ የገና ጨዋታ ሲጫወቱ አንዱ አጎትሽን ገፈተረውና ክርኑ ወለቀ። ወጌሻው መጣ። በቅቤ አሸው፣ ጎትቶ መለሰው፣ ከዚያ በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ሌሊቱን ጣቶቼ ሊፈነዱ ነው እያለ ሲያለቅስ አባታችን «አንተ ወንድ አይደለህም እንዴ?» አለው። ውኃ ላጠጣው ስጠጋ ጣቶቹ አብጠዋል፣ ጥፍሮቹ ጠቁረዋል፤ ስነካቸው በረዶ ናቸው፣ መንካቴንም አላወቀም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ፣ በማግስቱም ያ ማሰሪያ ሳይፈታ መዋሉ ነው። ደሴ ሐኪም ቤት ስናደርሰው ደም ያልደረሰው እጅ ሞቶ ነበር፤ ከክርኑ በታች ቆረጡት። አያትሽ ከዚያ ወዲህ የገና ጨዋታ ለማየት ከቤት አልወጣም፤ ስለዚያች ሌሊትም አንዲት ቃል ሳይናገር ሞተ። መጽሐፍ ቅዱስሽ ላይ የክርስትና ስምሽን አሳምሮ የጻፈልሽ አጎትሽ በግራ እጁ ነው። መጻፍን እንደ ሕፃን ከሀ ጀምሮ ነው የተማረው።

ምን እያልሁሽ ነበር? አዎ፣ ወጌሻ የለም። ትከሻሽ እንደገና ቢወልቅ ማንም እንዳይጎትተው። አክስትሽ እጅሽን በነጠላ ከአንገትሽ ላይ አንጠልጥላ ሆስፒታል ታድርስሽ። ቢያስሩሽና ጣቶችሽ ቢቀዘቅዙ፣ ቢደነዝዙ፣ ቀለማቸው ቢለወጥ፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቀስቅሱ። ሁሉም ሕመም ከመላላቱ ነው ብለሽም አትናቂ። መገጣጠሚያሽ አብጦ ቢግል፣ ትኩሳት ቢኖርሽ፣ ጠዋት ጠዋት ተሳስሮ አልንቀሳቀስ ቢልሽ ሌላ ነገር ነው። በተለይ ጉሮሮሽን ታመሽ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሕመሙ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያም ወደ ክርን ቢዛወር በዚያው ቀን ታከሚ፤ እሱ የልብን በር የሚያበላሸው የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ይችላል። በአገራችን ስንት ልጅ በዚህ ተጎድቷል።

የኔ እናት፣ ስቆጣሽ አትዘኚ። ጓደኞችሽ እንዲወዱሽ ብለሽ እንደሆነ ይገባኛል፤ አዲስ ትምህርት ቤት ብቻን መሆን ከባድ ነው። ቢሆንም እጅሽን ለትርዒት አታጣምሚ። አሳዪን ሲሉሽ እናቴ ከለከለችኝ በዪ፣ በእኔ አሳቢ።

በርበሬውና ሽሮው ለአክስትሽ ነው። ወፋፍራሞቹ እስክሪብቶዎች ያንቺ ናቸው፤ በእነሱ ስትጽፊ ጣቶችሽ ቶሎ አይደክሙም። ጫማው ተረከዙ ጠንካራ ነው፣ ማሰሪያውን በደንብ እሰሪው። ከጠበበሽ ግን ወደ ውጪ ሳትወጪበት ለሹፌሩ መልሺለት፤ ባለሱቋ እቀይርልሻለሁ ብላኛለች።

እናትሽ