ፌስታልን ከጓዳችን እናስወጣ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የምጽፈው አንዴ ተጠቅመን ስለምንጥለው የወጥ ቤት ፕላስቲክ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ቀደም ሲልም የ1999ኙ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ፌስታል ከልክሎ ነበር። ያም ሆኖ ስሱ ፌስታል ከእጃችን አልጠፋም። ስለዚህ ሕግን ብቻ መጠበቅ አያዋጣም።

ለእኛ ለሰሜን ሸዋዎች ነገሩ ከከተማ ጽዳት ያለፈ ነው። የመንዝ በግ የብዙ ቤት ጥሪት ነው። ወጥ የነካው ፌስታል ሜዳ ላይ ሲወድቅ በጉ ምግብ መስሎት ይውጠዋል። ፕላስቲክ ደግሞ አይፈጭም፤ ጨጓራ ውስጥ እየተጠቀለለ ይከማቻል። ቦታ ስለሚይዝ እንስሳው መብላት ያቆማል፣ ይከሳል፣ ሊሞትም ይችላል። በከብትም ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው። ለአንዲት ፌስታል ሲባል በግ ማጣት ምን የሚሉት ሒሳብ ነው?

ትኩስ ምግብም አለ። የፈላ ሽሮ በፌስታል ሲቋጠር (ማን እንዳስለመደን እንጃ) ሙቀቱ የፕላስቲኩ ኬሚካል ወደ ምግቡ እንዲያልፍ ያግዛል። ምሳ ዕቃ ይዞ መሄድ አይከብድም።

ዘንቢሉም፣ መሶቡም፣ አገልግሉም በእጃችን ነው። የጎደለው ማበረታቻ ነው። የደብረ ብርሃን ከተማ አስተዳደር ከእንጀራ ሻጮችና ከምግብ ቤቶች ጋር ይስማማ። የራሱን ዕቃ ይዞ ለመጣ ደንበኛ ትንሽ ዋጋ ይቀነስለት። ላልያዘው ደግሞ እንደ ለስላሳ ጠርሙስ በማስያዣ የሚመለስ ዕቃ ይሰጠው። ሙከራው በአንድ ገበያ ሊጀመር ይችላል።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን