«የት ነበርሽ?» ላሉኝ ኃላፊ፦ እርስዎ በር ላይ ነበርኩ

ይድረስ በሐዋሳ የሠራተኞችን አቤቱታ ለሚያዩት ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ከፋብሪካ ስቀነስ ያልተሰጠኝን የስንብት ክፍያ ለመጠየቅ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች መልስ ስላላገኙ ነው። የመጀመሪያውን ግንቦት 2014 አስገባሁ። ሁለተኛውን ሐምሌ ላይ። ሦስተኛውን መስከረም 2015፣ ዘጠኝ ሆነን ፈርመን። አንዱም ላይ የመዝገብ ቁጥር አልተጻፈልንም። «አስቀምጡት፣ እናየዋለን» ተባልን፣ ሄድን።

ኅዳር ላይ እርስዎን ራስዎን ኮሪደር ላይ አገኘሁዎት። የደመወዝ ወረቀቶቼን በፌስታል ይዤ ነበር። ቆመው አዩልኝ። ከዚያ «ስድስት ወር አልፎታል እኮ፣ ይርጋ ነው፤ እስካሁን የት ነበርሽ?» አሉኝ። ይርጋ ማለት በሕግ የመጠየቂያው ጊዜ አልፏል ማለት ነው።

የዚያን ቀን አፌ ተሳሰረ። ዛሬ ልመልስልዎት። እርስዎ በር ላይ ነበርኩ።

ከሚያዝያ 2010 ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሸሚዝ ኮሌታ ሰፍቻለሁ። ፓርኩ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ 60 ሺህ ሰው ሥራ ይይዝበታል ተብሎ ነበር፤ እኔም ከገጠር የመጣሁት ያንን ሰምቼ ነው። አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራየን። ታርጌት፣ የተመደበልን የሥራ መጠን፣ ካልሞላ ወደ ቤት መሄድ የለም። ቢሆንም ሥራ ነበር፣ ለእናቴም በየወሩ ትንሽ እልክ ነበር።

ከዚያ ጥቅምት 23 ቀን 2014 የአሜሪካ መንግሥት ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ይፈቅድ ከነበረው ሕግ፣ እንደሚያስወጣ አሳወቀ። ኅዳር ላይ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ፒቪኤች እዚህ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ተናገረ። ታኅሣሥ 23 ውሳኔው ጸና። እኛ የምንሰፋው ዓይነት የጥጥ ሸሚዝ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ የነበረው ወደ 20 በመቶ የሚጠጋ ቀረጥ መጣበት ማለት ነው። ትዕዛዙ ወደ ሌላ አገር ዞረ። የእኔ አሠሪ ሌላ ድርጅት ነው፣ ስሙን አልጠራም። ሚያዝያ ላይ አንድ ሐሙስ ሰብስበው «ከሰኞ ጀምሮ እንዳትመጡ» አሉን። የአንድ ወር ደመወዝ ሰጡን፣ 1,500 ብር። ባጃችንን ሰበሰቡ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እኔ ያነበበልኝ ሕግ የሚያጠና የሰፈራችን ልጅ ነው። ድርጅት ሲዘጋ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ በዚያ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ። ለእኔ ሲሰላ አራት ወር፣ 6,000 ብር ገደማ ነው። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም ነበረኝ። ሒሳቡ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል ነበረበት። እርዳታ አልለመንኩም። የሠራሁበትን ነው የጠየቅኩት።

ቢሮዎ ግን ምን አለኝ? «ከድርጅቱ የስንብት ደብዳቤና የሥራ ልምድ አምጪ።» ሄድኩ። ሼዱ፣ የምንሠራበት የፋብሪካ አዳራሽ፣ ተቆልፏል። ጥበቃው ያለ ባጅ አላስገባም አለኝ፤ ብገባስ ማንን አገኛለሁ? ተመለስኩ። «የተወካዩን ስልክ አምጪ» ተባልኩ። ስልኩ ዝግ ነው፣ ሰውየው ከአገር ወጥቷል። ይህን ብነግራቸው «እንግዲያው እኛ ምን እናድርግ?» አሉኝ። ሐምሌ ላይ በዝናብ ከቤቴ ቢሮዎ ድረስ በእግሬ መጣሁ፣ የባጃጅ አልነበረኝም፤ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው ተባለ። ነሐሴም ስብሰባ ነበር። እንዲህ እያለ ስድስት ወሩ አለቀ።

አሁን የሚያናድደኝን ልንገርዎት። ያንኑ አዋጅ ልጁ ገልጦ አሳየኝ። አቤቱታ ለሚመለከተው አካል ከቀረበ፣ የመጨረሻ መልስ በጽሑፍ እስኪሰጥ ድረስ ይርጋው ይቋረጣል ይላል። እኔ ግንቦት ላይ አቅርቤያለሁ። በጽሑፍ መልስ እስከ ዛሬ አልተሰጠኝም። ታዲያ ይርጋው የቆጠረብኝ በምን ሕግ ነው? ማመልከቻዬን ተቀብላችሁ ቁጥር ባለመስጠታችሁ ብቻ ነው። እርስዎ ይህን ሳያውቁ ነው «የት ነበርሽ» ያሉኝ? እኔ አላምንም።

ሌላም አለ። አራት ዓመት ሙሉ በየወሩ ለጡረታ 7 በመቶ ከደመወዜ ተቆርጧል፣ አሠሪዬም 11 በመቶ መጨመር ነበረበት። የጡረታ መለያ ቁጥር አለኝ። መቼ እንደተቀጠርኩ፣ ስንት ይከፈለኝ እንደነበር፣ መቼ እንደቆመ መንግሥት እጅ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል። ከተቆለፈ ሼድ ወረቀት አምጪ ከምባል ከመንግሥት ቢሮ ወደ መንግሥት ቢሮ አንድ ደብዳቤ መጻፍ ያቅት ነበር?

ልብስ ስፌት ከአሜሪካ ወጥቶ ወደ ድሃ አገር ሲሄድ እዚያ ሥራ ያጡ ሰዎች ነበሩ። እንደነሱ ላሉ ሠራተኞች በፈረንጆቹ 1962 ሕግ ወጣላቸው። ሥራው ወደ ውጭ ስለሄደ የተቀነሰ ሰው ሥልጠና፣ ሥልጠናው ላይ እያለም የሳምንት ገቢ ያገኝ ነበር። ያም ቢሆን በፈረንጆቹ 2022 አዲስ ሰው መቀበል አቁሟል፣ ብዙዎችም በቂ አልነበረም ይሉታል። ግን ቢያንስ ሥራ መሰደዱ የሠራተኛዋ ጥፋት እንዳልሆነ የሚናገር ሕግ ነበር። እኛ አገር ሥራ ያጣ ሰው የሚቀበለው ምንም ገንዘብ የለም። ያለን ይህ የስንብት ክፍያ ብቻ ነው። እሱ ነው በእናንተ እጅ ሳለ ጊዜው አለፈ የተባለው።

አብረውኝ ከነበሩት ሦስቱ አንዷ ወላይታ ወላጆቿ ጋ ተመለሰች። አንዷ ዓረብ አገር ሄደች፣ ደላላውን የከፈለችው ተበድራ ነው። ሦስተኛዋ ምን እንደምትሠራ አልጽፍም፣ እናቷ ታነበዋለች። እኔ መናኸሪያ አካባቢ ሻይ እሸጣለሁ። የሱቅ ዱቤዬን ገና አልጨረስኩም። 6,000 ብሩ በጊዜው ቢደርሰኝ አንድ የስፌት ማሽን መነሻ ይሆነኝ ነበር፤ እጄ ያውቃል፣ ማሽኑ ነው የጠፋው።

የምጠይቅዎት ብዙ አይደለም። ለሦስቱም ማመልከቻዎች በገቡበት ቀን የመዝገብ ቁጥር ይስጡልን። የአገልግሎት ዘመናችንን ከጡረታ መዝገብ አውጥተው በቢሮዎ ማኅተም ማስረጃ ይጻፉልን፣ ፍርድ ቤት የምንሄድበት። ድርጅቱ እዚህ ጥሎት የሄደው ንብረት ካለ ሳይሸጥ የእኛ ዕዳ ይመዝገብበት።

ሐምሌ ላይ ደግሞ «ሥራ ሲመጣ እንጠራችኋለን» ብላችሁ ስማችንንና ስልካችንን በአንድ ሰማያዊ ደብተር ጽፋችሁ ነበር። አንድም ሰው አልተጠራም። መልሱን በጽሑፍ ነው የምፈልገው። ስልኬ ደብተሩ ላይ አለ።